ሲወለድ ያላለቀሰ ሕፃን የወደፊት ዕጣው አስቀድሞ ይታወቃልን?

በዚህ ሳምንት በሬዲዮ ያሰማነው ንግግር ሲወለዱ ወዲያው ስለማያለቅሱ ሕፃናት ነበር። ነገሩ ብዙ ቤተ ሰብን የሚመለከት ስለ ሆነ፤ ያላደመጠው እንዲያነበው፣ ያደመጠውም እንዲያስታውሰው በጽሑፍ አቅርበነዋል።

በአገራችን ልማድ ልጅ በሚወለድበት ጊዜ ከደጅ የቆመው ሰው ሁሉ ሁለት ድምፅ ይጠብቃል። የመጀመሪያው የሕፃኑ ልቅሶ፤ ሁለተኛው የሴቶቹ እልልታ ነው። እልልታው ልቅሶውን ይከተለዋል እንጂ አይቀድመውም። ልቅሶ ተሰምቶ ቤቱ በደስታ የሚሞላበት ጊዜ ይህ ብቻ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ዛሬ እናቶች በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ስለሚገላገሉ አባትና አያት የሚጠብቁት በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው፤ ጆሮአቸው የሚጠብቀው ግን ያንኑ የቀድሞውን ድምፅ ነው። ድምፁ የዘገየ እንደ ሆነ፤ አንዲቱ ደቂቃ እንደ አንድ ቀን ትረዝማለች።

ከዚያም ሕፃኑ ዘግይቶም ቢሆን ያለቅሳል እንበል። ያን ጊዜ ሁሉም «ተመስገን፤ አለፈ» ይላል። ነገር ግን በእርግጥ አልፎአልን? ወይስ በዚያች ዝምታ ውስጥ በሕፃኑ አንጎል ላይ ኋላ የሚታይ ጉዳት ደርሶ ይሆን? ደርሶ እንደ ሆነስ አስቀድሞ የሚታወቅበት መንገድ አለን? ዛሬ የምንመለከተው ይህን ጥያቄ ነው።

ይህን የሚነግራችሁ ሰው ሐኪም አለመሆኑን አስቀድሜ መግለጽ ይገባኛል። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ ሥራዬም ሐኪሞች የደረሱበትን ሕዝብ በሚሰማው ቋንቋ ማቅረብ ነው። ወደዚህ ነገር የመራኝ ግን ሥራዬ ብቻ አይደለም። ታላቅ እኅቴ በኮልፌ አጣና ተራ አጠገብ ትኖራለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ሕፃኑም ወዲያው አላለቀሰም። ጥቂት ቆይቶ ሲያለቅስ ደስ አለን፤ በማግሥቱም ይዘነው ወደ ቤት ሄድን፤ ገንፎውም ተበላ። በስምንተኛው ወር ሕፃኑ ራሱን ችሎ ስላልተቀመጠ፣ እጆቹንም ጨብጦ ስለማይፈታ ወደ ሐኪም ተወሰደ። ሐኪሙ በትሕትና አምስት ጥያቄ ጠየቃት። «ከተወለደ ከስንት ደቂቃ በኋላ አለቀሰ? በከረጢት አየር ተሰጥቶታልን? በአምስተኛው ደቂቃ የተሰጠው ነጥብ ስንት ነበር? በመጀመሪያው ቀን ጡት ጠብቶአልን? አንቀጥቅጦት ነበርን?» እኅቴ አንዱንም መመለስ አልቻለችም። በእጅዋ ያለው ወረቀት የልጁን ጾታና ክብደት እንጂ ሌላ ነገር አይናገርም። ስምንቱም ወራት በከንቱ አለፉ። ያን ዕለት ከሐኪሙ ዘንድ ስንወጣ ያደረብኝ ቍጭት ነው ይህን ያስጻፈኝ።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንጀምር።

ሕፃን በማኅፀን ሳለ በሳንባው አይተነፍስም። ኦክሲጅን የሚያገኘው ከእናቱ ደም ነው፤ ይህም በእንግዴ ልጁና በእትብቱ በኩል ይደርሰዋል። ምጥ በመጣ ቍጥር ማኅፀን ስለሚጨመቅ የደሙ ፍሰት ለጥቂት ጊዜ ይቀንሳል፤ ምጡ ሲበርድ ደግሞ ይመለሳል። ጤነኛ ሕፃን ይህን ይችለዋል፤ ለዚህም ተሰናድቶ ይፈጠራል። ነገር ግን ምጡ ከልክ በላይ የረዘመ እንደ ሆነ፤ እትብቱ ቀድሞ ወጥቶ የታነቀ እንደ ሆነ፤ የእንግዴ ልጁ ከጊዜው በፊት የተላቀቀ እንደ ሆነ፤ እናቲቱም ብዙ ደም የፈሰሳት ወይም የደም ግፊትዋ ያየለባት እንደ ሆነ፤ ለሕፃኑ የሚደርሰው ኦክሲጅን ያንሰዋል። ከሰውነት ክፍል ሁሉ ይህን እጦት ፈጽሞ የማይታገሠው አንጎል ነው። የዐዋቂ ሰው አንጎል ከሰውነቱ ክብደት ከ100 እጅ 2 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፤ ሰውነት ከሚፈጀው ኦክሲጅን ግን 20 እጅ ያህሉን ብቻውን ይፈጃል። እንዲህ ያለው ባለ ብዙ ወጪ ቤት ገቢው ሲቋረጥ ፈጥኖ እንደሚናጋ የታወቀ ነው።

ከዚህ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ደግሞ ጉዳቱ በአንድ ጊዜ የሚያልቅ አለመሆኑ ነው። እናቶቻችን ማታ እሳቱን በአመድ ሲያዳፍኑት የጠፋ ይመስላል፤ ሲነጋ ግን ፍሙ ሳይጠፋ ይገኛል። የታፈነ ሕፃንም ነገር ይህንን ይመስላል። አየር ተሰጥቶት፣ ልቡ ተመልሶ፣ ቀለሙም ቀልቶ ሲታይ ነገሩ ያለፈ ይመስላል። የአንጎሉም ሕዋሳት ለጥቂት ሰዓት ያገገሙ ያህል ይሆናሉ። ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ግን በብዙዎቹ ላይ ሁለተኛው ጉዳት ይነሣል፤ እስከ ሦስተኛው ቀንም ሊቀጥል ይችላል። ሕፃኑ የሚያንቀጠቅጠው፣ የሚዝለፈለፈው፣ መጥባትም የሚያቅተው ብዙውን ጊዜ በዚህ ወቅት ነው። በመጀመሪያው ጉዳትና በሁለተኛው መካከል ያለችው ያች ጥቂት ሰዓት ናት እንግዲህ፤ ዕውቀት ሊጠቅም የሚችልባት። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

የሰው ልጅ ይህን ያወቀው በአንድ ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1861 ዊልያም ጆን ሊትል የተባለ የሎንዶን ሐኪም በባልንጀሮቹ ሐኪሞች ጉባኤ ፊት ቆሞ፤ እጅና እግራቸው የሚገተር ብዙ ልጆች በአስቸጋሪ ምጥ የተወለዱ ወይም ሲወለዱ ታፍነው የነበሩ መሆናቸውን አስረዳ። ያ ሕመም ለብዙ ዘመን በስሙ ይጠራ ነበር፤ ዛሬ ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1897 ደግሞ ሲግመንድ ፍሮይድ፤ ያው ኋላ በሥነ ልቦና ስሙ የተነሣው ሰው፤ የምጡ መክበድ ራሱ በማኅፀን አስቀድሞ የደረሰ ጉዳት ምልክት ሊሆን ይችላል ሲል ተከራከረ። ሁለቱም እውነትን ይዘው ነበር። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ሁሉ ሲወለድ የታፈነ አይደለም፤ ታፍኖ የተወለደም ሁሉ ሴሬብራል ፓልሲ አያገኘውም። ስለዚህ እናት ወይም አዋላጅ ላይ ጣት ከመቀሰር በፊት ነገሩን መመርመር ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1952 ቨርጂኒያ አፕጋር የተባለች አሜሪካዊት የማደንዘዣ ሐኪም ቀላልና ድንቅ ዘዴ አገኘች። ቀድሞ ሐኪሞች እናቲቱን ሲያዩ ሕፃኑን የሚመለከተው አንዳንድ ጊዜ ይታጣ ነበር። እርስዋም አምስት ነገር ይታይ አለች። የልብ ምቱ እንዴት ነው? ይተነፍሳልን? ጡንቻው የጸና ነው ወይስ የተዝለፈለፈ? ሲነካ ይቈጣልን? ቀለሙስ ቀይ ነው ወይስ ሰማያዊ? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣል፤ ጠቅላላውም 10 ይሆናል። ይህም ሕፃኑ በተወለደ በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ ይጻፋል። ዛሬ ከሎንዶን እስከ ኮልፌ ቀራንዮ ያሉ አዋላጅ ነርሶች ሁሉ የሚማሩት ይህን ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው አለ። የአፕጋር ነጥብ የተሠራው «ይህ ሕፃን አሁን ርዳታ ያሻዋልን?» ለሚለው ጥያቄ ነው እንጂ «በሰባት ዓመቱ ትምህርት ቤት ይገባልን?» ለሚለው አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በግልጽ እንዳስታወቀው፤ በዚህ ነጥብ ብቻ ተመርኵዞ የአንድን ሕፃን የወደፊት የአንጎል ጤንነት መተንበይ አይገባም፤ ዝቅተኛ ነጥብ ካገኙት ሕፃናትም አብዛኞቹ ሴሬብራል ፓልሲ አያገኛቸውም። እንግዲህ ወረቀቱ ላይ 3 ተብሎ ተጽፎ ያየ አባት ተስፋ ሊቈርጥ አይገባውም፤ 8 ያየ አባትም ዐይኑን ሊጨፍን አይገባውም።

ታዲያ ትንበያው ከየት ይገኛል? ከአንድ ደቂቃ ሳይሆን ከቀናት ክትትል ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1976 ሳርናት የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች የታፈኑትን ሕፃናት ከቀን ወደ ቀን እየተመለከቱ በሦስት ደረጃ ከፈሉአቸው። በመጀመሪያው ደረጃ ያለው ሕፃን እንቅልፍ ያጣል፣ በቀላሉ ይደነግጣል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ያልፋል፤ ብዙዎቹም ደኅና ይሆናሉ። በሁለተኛው ደረጃ ያለው ይፈዝዛል፣ ይዝላል፣ መጥባቱ ይደክማል፣ ሊያንቀጠቅጠውም ይችላል። በሦስተኛው ያለው ራሱን ይስታል፣ ፈጽሞ ይዝለፈለፋል፣ አይጠባም፣ ትንፋሹም ይቈራረጣል፤ ከእነዚህ ውስጥ የሚበዙት ይሞታሉ ወይም ከባድ ጉዳት ይተርፋቸዋል። አስቸጋሪው መካከለኛው ነው፤ ወደ ደኅንነትም ወደ ጉዳትም ሊያዘነብል ይችላል። የሐኪምም ጥበቃ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ከአህጉራችን ከአፍሪካ የተገኘው ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን የሚሠሩ ሐኪሞች መሣሪያ የማይፈልግ የነጥብ አሰጣጥ አሳተሙ። በውስጡ ዘጠኝ ነገሮች ይታያሉ፤ የጡንቻው ጽናት፣ ንቃቱ፣ መንቀጥቀጡ፣ አኳኋኑ፣ ሲደነግጥ እጁን መዘርጋቱ፣ ጣት ሲሰጡት መጨበጡ፣ መጥባቱ፣ ትንፋሹና የእርግብግቢቱ መወጠር ናቸው። ትልቁ ነጥብ 22 ነው። በአፕጋር ነጥብ ከፍተኛው መልካም ሲሆን በዚህኛው ግን ከፍተኛው ክፉ ነው። በዚያ ጥናት ነጥባቸው በአንዱ ቀን 15 ወይም ከዚያ በላይ የደረሰ ሕፃናት አብዛኞቹ ኋላ ጉዳት ታይቶባቸዋል። ይህ ሁሉ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሠለጠነ ዐይን፣ የታጠበ እጅ፣ ደግሞም በየቀኑ ተመልሶ ማየትንና መጻፍን ነው።

መሣሪያ ያላቸው አገሮች ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር ይጨምራሉ። አንደኛው የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚጽፈው መሣሪያ ነው፤ ሞገዱ ፈጥኖ ወደ ደኅናው ሁኔታ የተመለሰ ሕፃን መልካም ተስፋ አለው። ሁለተኛው ኤም.አር.አይ. የተባለው የማግኔት ሥዕል ነው፤ ይህም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተነሣ እንደ ሆነ በአንጎሉ ጥልቅ ክፍል ጉዳት መድረሱንና አለመድረሱን ያሳያል። እነዚህ መሣሪያዎች በየጤና ጣቢያው የሚገኙ አይደሉም። ነገር ግን መሣሪያው የለም ተብሎ ዐይንና እጅ ሥራ አይፈቱም።

ሕክምናውስ? ታፍነው የተወለዱ ሕፃናትን ሰውነታቸውን ወደ 33.5 ዲግሪ አቀዝቅዞ ለ72 ሰዓት ማቈየት፤ በተወለዱ በ6 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ፤ ሞትንና ጉዳትን እንደሚቀንስ በሀብታም አገሮች ተረጋግጦአል። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ እኛስ ለምን አናቀዘቅዝም?» ሊል ይችላል። ነገር ግን በሕንድ፣ በስሪ ላንካና በባንግላዴሽ በ408 ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት፤ በእነዚያ አገሮች ሆስፒታሎች ማቀዝቀዙ ጉዳትን እንዳልቀነሰ፤ ይልቁንም ሞትን እንደ ጨመረ አሳይቶአል። ስለዚህ ማንም ሰው በቤቱ ሕፃንን ለማቀዝቀዝ ከቶ አይሞክር። የታፈነን ሕፃን እንዲነቃ ብሎ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ፣ እግሩን ይዞ ቍልቍል ማንጠልጠል፣ ጀርባውንም መምታት ጎጂ ልማድ ነው። ሕፃኑ የሚያስፈልገው ሙቀትና አየር ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ምዕራብ ያለ ሰፊ ሰፈር ነው። ከኮልፌ ገበያ እስከ አየር ጤና፣ ከወይራ ሰፈር እስከ ቤተል ድረስ በየቀኑ ልጅ ይወለዳል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአዲስ አበባ ከ100 ወሊድ 97 ያህሉ በጤና ተቋም የተፈጸመ ነበር፤ በጠቅላላው በኢትዮጵያ ግን 26 ብቻ ነበር፤ ይህም በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሶአል። በዚያው በ2008ቱ ጥናት በአገሪቱ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ታውቆአል። ከዋነኞቹም ምክንያቶች አንዱ ይኸው መታፈን ነው። እንግዲህ ለከተማችን ሰው ጥያቄው «ወደ ጤና ተቋም ትሂድ ወይስ በቤት ትውለድ?» የሚለው አይደለም፤ እርሱ አብዛኛውን መልስ አግኝቶአል። የዛሬው ጥያቄ «በደረሰችበት ቦታ በመጀመሪያይቱ ደቂቃ ምን ይደረጋል? የተደረገውስ ይጻፋልን?» የሚለው ነው።

በዚህ ክፍለ ከተማ ለነገራችን ትልቅ ምሳሌ የሚሆን ቦታ አለ። በዘነበ ወርቅ ያለው የአለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና ዓላማው የሥጋ ደዌን ማከምና ሐኪሞችን ማሠልጠን ነበር። የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ በዚያ ዘመን ከዘመድ ተለይቶ ይኖር እንደ ነበረ የዕድሜ ባለጸጎች ይነግሩናል። ሕመሙ እንደ ዕጣ፣ እንደ እርግማንም ይቈጠር ነበር። ሐኪሞቹ ግን ሕመሙን አስቀድሞ ማወቅ ማለት ሰውን አስቀድሞ ማግለል አለመሆኑን አስተማሩ። በቆዳ ላይ የወጣውን ምልክት በጊዜው ያወቀ ሰው መድኃኒቱን በጊዜው ይጀምራል፤ ጣቱም አይቈረጥም፤ ዐይኑም አይጠፋም። ምልክቱን የሚያነቡት ለመፍረድ ሳይሆን ለማዳን ነው። የታፈነም ሕፃን ትንበያ መታየት ያለበት በዚሁ ዐይን ነው። «ይህ ልጅ አይረባም» ለማለት የሚቈጠር ነጥብ ካልተቈጠረ ይሻላል፤ «ይህ ልጅ ከሌሎቹ የበለጠ ጥበቃ ያሻዋል» ለማለት የሚቈጠር ነጥብ ግን ከብዙ ገንዘብ ይበልጣል።

አሁን እያንዳንዳችን ማድረግ የሚገባንን በአጭሩ እንዘርዝር።

በመጀመሪያ፤ ነፍሰ ጡር ክትትልዋን አታቋርጥ። የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከወትሮው የቀነሰ እንደ ሆነ፣ የሽርት ውሃው አረንጓዴ ሆኖ የፈሰሰ እንደ ሆነ፣ ደም የታየ እንደ ሆነ፣ ብርቱ ራስ ምታትና የዐይን መጋረድ የመጣባት እንደ ሆነ፣ ምጡም ከ12 ሰዓት ያለፈ እንደ ሆነ፤ «እስኪ ትንሽ እንጠብቅ» አይባልም። ተሽከርካሪ የሚገኝበትንም መንገድ ባልና ጎረቤት አስቀድመው ይነጋገሩበት፤ የጅማ መንገድ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት እንዴት እንደሚጨናነቅ የማያውቅ የለምና።

ሁለተኛ፤ አዋላጆች የምጡን ሂደትና የሕፃኑን የልብ ምት በሰንጠረዥ እየጻፉ ይከታተሉ። የምጥ መከታተያው ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1972 ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር ተሻሽሎ ለሩቅ ጣቢያ አዋላጆች የተሰናዳ ነው፤ ምጡ መዘግየቱን በመስመር ያሳያል። ከምጥ በፊት ደግሞ የእስትንፋሱ ከረጢትና ጭምብሉ በአልጋው አጠገብ መኖሩና መሥራቱ ይታይ። ከ10 ሕፃናት አንዱ ያህል መተንፈስ ለመጀመር ርዳታ ይፈልጋል። ብዙዎቹ በደንብ ሲደርቁና ጀርባቸው ሲታሽ ይተነፍሳሉ፤ እንቢ ያሉትን ግን አንዲቱ ደቂቃ ሳትሞላ በከረጢቱ አየር መስጠት ይገባል። ይህች ደቂቃ ከየትኛውም ውድ መሣሪያ የበለጠ አንጎልን ታድናለች።

ሦስተኛ፤ ወላጆች ከጤና ተቋሙ ከመውጣታቸው በፊት እኅቴ ያልመለሰቻቸውን አምስት ጥያቄዎች ይጠይቁ። በስንት ደቂቃ አለቀሰ? አየር ተሰጥቶታልን? የ5ኛው ደቂቃ ነጥብ ስንት ነው? ጠብቶአልን? አንቀጥቅጦታልን? መልሱን በወረቀቱ ላይ ያስጽፉ። ይህ ነርሲቱን መክሰስ አይደለም፤ በትሕትና የተጠየቀ ጥያቄ ማንንም አያስቀይምም። ያንንም ወረቀት እንደ ቤት ካርታ ይጠብቁት፤ ወደ ሐኪም በሄዱም ጊዜ ሁሉ ይያዙት።

አራተኛ፤ ሲወለድ ተቸግሮ የነበረ ሕፃን በመጀመሪያው ሳምንት መጥባት ያቃተው፣ ከልክ በላይ የሚተኛ፣ የሚዝለፈለፍ ወይም የሚገተር፣ ልቅሶው የሰላ ጩኸት የሆነ፣ አፉን እያንቀሳቀሰ ወይም እግሩን እንደ ብስክሌት እየነዳ ዐይኑ የሚፈዝ እንደ ሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይወሰድ። በጨቅላ ሕፃን ላይ መንቀጥቀጥ እንደ ትልቅ ሰው ጎልቶ ላይታይ ይችላልና።

አምስተኛ፤ ደኅና መስሎ ቢታይም እስከ ሁለት ዓመቱ ክትትሉ አይቋረጥ። ሄንዝ ፕሬሽል የተባለ ሐኪም የሦስት ወር ገደማ ሕፃን በጀርባው ተኝቶ ሳለ በእጁ፣ በእግሩና በአንገቱ ላይ የሚታየውን ረቂቅና የማያቋርጥ እንቅስቃሴ አስተውሎ ነበር። እርሱና ባልንጀሮቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት በ130 ሕፃናት ላይ ይህን ተመለከቱ። እንቅስቃሴው ደኅና ከሆነላቸው ከ100 እጅ 96 እጁ ኋላም ደኅና ሆነው ተገኙ፤ እንቅስቃሴው ከታጣባቸው ወይም ከተዛባባቸው ደግሞ ከ100 እጅ 95 እጁ ችግር ታየባቸው። ይህም በዐይን ብቻ የሚደረግ ምርመራ ነው፤ የሚፈልገው የሠለጠነ ተመልካች ነው። ወላጅም በበኩሉ በሦስትና በአራት ወሩ አንገቱን አለማጽናቱን፣ እጁን ዘወትር መጨበጡን፣ ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ መጠቀሙን፣ በዘጠኝ ወሩም ራሱን ችሎ አለመቀመጡን ያየ እንደ ሆነ «ሰነፍ ልጅ ነው፤ ይደርሳል» ብሎ አይጠብቅ። የጨቅላ አንጎል ገና በመሠራት ላይ ስለ ሆነ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናና የአመጋገብ ርዳታ ቶሎ ሲጀመር ይጠቅመዋል።

ስለ እኅቴ ልጅ ሳልናገር ብደመድም አንባቢ ይጠይቀኛል። ዛሬ ይቀመጣል፤ ድጋፍ ይዞ ይቆማል፤ እናቱን በስምዋ ይጠራታል፤ ሲስቅም ቤቱን ይሞላዋል። ገና አይራመድም። ወረቀቱ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይራመድ ነበር ብዬ አልናገርም፤ እንዲህ ያለውን ማንም ሊምል አይችልም። የምናገረው ይህን ብቻ ነው፤ ስምንቱ ወራት የእርሱ ነበሩ፤ እኛም ባለማወቅ ወሰድንበት። ከዚህም ሌላ እኅቴ በእነዚያ ወራት ከጎረቤት «ዐይነ ጥላ ነው፣ የእናቲቱ ኃጢአት ነው» ሲባል ሰምታ ብዙ አለቀሰች። የኦክሲጅን ማነስ ኃጢአት አይደለም። ይህን ቀድማ ብታውቅ ኖሮ ዕንባዋን በሌላ ሥራ ትተካው ነበር።

ስለዚህ በርእሳችን ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ እነሆ። ሲወለድ ያላለቀሰ ሕፃን የወደፊት ኑሮው በአንድ ደቂቃና በአንድ ቍጥር አይታወቅም። በሰዓታት፣ በቀናትና በወራት ጥንቃቄ ግን እየጠራ ይሄዳል። ያም ዕውቀት የሚጠቅመው በጊዜው የተያዘና የተጻፈ እንደ ሆነ ብቻ ነው። በዚህ ሳምንት በሰፈራችሁ እልልታ የሰማችሁ እንደ ሆነ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላችሁ ከገባችሁ በኋላ አራስዋን አንድ ነገር ጠይቁልን፤ «ሕፃኑ ቶሎ አለቀሰ ወይ? ተጽፎልሻል ወይ?»